ነፋስ ያልነበረበት ቀን

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1950 ዓ.ም.

ፀሐይ። ነፋስ የለም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሬ ረጨሁ። ሁለት መቶ አርባውም ግንድ ተዳርሷል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ፀሐይ። ጠዋት ብርድ ነበር።

ይህን ደብተር የገዛሁት የአየሩን ጠባይና የወይኑን ሥራ ልመዘግብበት ነው። ስለ ሰው አይጻፍበትም። ፊደል የለየሁት በሃያ ስምንት ዓመቴ፣ ያለ መምህር፣ ከዳዊት ላይ ነው። እንዲህ በድካም ያገኘሁትን ነገር በወሬ አላባክነውም።

የዛሬው ግን ለመዝገብ የሚያስፈልግ ስለሆነ እጽፈዋለሁ። የተረፉትን ሁለት የመድኃኒት ጆንያዎችና በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ በበቅሎ አስጭኜ አሰላ ለልጄ ለወልደጻድቅ መለስኩለት። ወልደጻድቅ በእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ነጩ ዱቄት ለትል፣ ቢጫው ለሻጋታ ብሎ አምና ያመጣልኝ እሱ ነበር። ጆንያዎቹ ከደረሱት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ራሱ በዚያችው በቅሎ መጣ። ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ይሸታል አልኩት።

«አባባ፣ ያለ መድኃኒት ታኅሣሥ ላይ ነጩ ሻጋታ ይገባል። ዐሥር ቅርጫት አያገኙም» አለኝ።

አባቴ ከዝዋይ ደሴት ዐሥራ ሁለት ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ ወደ ከታር ወንዝ በሚወርደው በዚህ ተዳፋት ላይ ሲተክል ጆንያ አልያዘም ነበር አልኩት። ያኔ ግንዱ ከአርባ አልበለጠም፣ ያውም ተራርቆ፤ አሁን ግን ሁለት መቶ አርባ ተጠጋግቶ ቆሟል፣ በሽታው ከአንዱ ወደ አንዱ በቀላሉ ይሻገራል አለ። በዚህ ነገር ላይ እውነት አለው። አልነገርኩትም።

በእናቱ በአልጣሽ ፊት የአባቴን የመግረዣ መቀስ ከሚስማሩ አወረድኩ። በእኛ ቤት መቀሱን የያዘ ሰው የወይኑ ጌታ ነው፤ አባቴ ለእኔ የሰጠኝ መቆም ባቃተው ቀን ነው። በየካቲት ለቀማ ስድሳ ቅርጫት ካልሞላ መቀሱ ያንተ ነው አልኩት። ልጄ ፊቱ ተለዋወጠ። አልጣሽ ለድስቱ የሆነ ነገር ተናገረች።

ዱቄቱን የመለስኩት በራሴ ሐሳብ ነው። ሀሰኖ በዚህ ነገር የለበትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ደመና። ከሰዓት በኋላ ካፊያ።

ሀሰኖ ከቦዩ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ነው። ሠላሳ ላሞች አሉት። ዐሥራ አንድ የንብ ቀፎም ነበረው፤ አሁን ሰው ያለባቸው ሁለት ናቸው። «ሰው» ብዬ መጻፌ የእሱ አነጋገር ለምዶብኝ ነው፤ ንብ ያለባቸው ማለቴ ነው። በዚያ ሰኞ ማታ ሚስቱ ከዲጃ የሞቱትን ንቦች ከደጃፏ በመጥረጊያ ስትጠርግ ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ።

ዱቄቱን ወደዚያ የወሰደው ነፋስ ነው። ነፋስ ደግሞ የማንም ንብረት አይደለም።

በወሰናችን ላይ ገበጣ የተፈለፈለበት ድንጋይ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት በየእሑዱ ስንጫወትበት ኖረናል። ከዚያ ሰኞ ወዲህ አልመጣም። ጨዋታው እንዳለ ነው፤ ተራው የሀሰኖ ነበር። ጠጠሮቹን ቆጠርኳቸው። በደንብ ከተጫወትኩ ይሸነፋል። ያልመጣው ለዚህ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ፀሐይ። ወይኑ እያበበ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ የበረቱ እበት በሙሉ ለወይኑ ግንድ እንዲሆን አዘዝኩ። አልጣሽ በምን ልጋግር ነው የሚሉት አለችኝ። ለካ በዚህ ቤት እሳት የሚነደው በኩበት ነው። አርባ ዓመት እሳቱ ዳር ስቀመጥ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያም ሆኖ ትእዛዜን አላነሣሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ፀሐይ። ቁርስ ቀዝቃዛ። ምሳ ቀዝቃዛ። ራት ጥሬ ሽምብራ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ፀሐይ። እንደ ትናንቱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ደመና።

ስናስብበት የተሻለ መንገድ ተገኘ። ከመግረዝ የቀረው የወይን ጭራሮ ክምር ለአልጣሽ ማገዶ ይሆናል፣ እበቱ ለሁለት ይካፈላል። ሐሳቡ የእኔ ነው። አልጣሽ ግን ረቡዕ ዕለት ይህንኑ ብያለሁ ትላለች። በደብተሩ አልተጻፈም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ፀሐይ። ሚካኤል።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ አስጠሩኝ። ወይናችን በየዓመቱ ደርቆ ዘቢብ ሲሆን ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ የሚሆነውን የሚያዘጋጁት ከእሱ ነው። ዘንድሮ ያለ መድኃኒት ልትሞክር ነው ሲሉ ሰማሁ፣ ዘቢቡ አይጎድልብንም አይደል አሉኝ። አይጎድልም አልኩ። እርግጠኛ ነህ አሉ። አባታችን፣ እኔ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ስናገር ሰምተው ያውቃሉ አልኩ። እሱስ አልሰማሁም አሉ፤ ፊታቸው ግን ያዘነ መሰለ።

ከዋርካው ሥር ሁለት ሰዎች እንደማልሰማ አድርገው ያወሩ ነበር። አንዱ፣ ሣህሌ ሸምግሏል አለ። ሌላው፣ ሸምግሎ አይደለም፣ የሀሰኖን ንቦች ከፈጀ ወዲህ ከራሱ ጋር ተጣልቶ ነው አለ።

ጆሮዬ ደህና ነው። ነፋስ ነበር ብዬ ዞሬ ልነግራቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግቢ መከራከር ነውር ስለሆነ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ፀሐይ።

ገበጣው ላይ ከሀሰኖ በኩል በሦስተኛው ጉድጓድ የነበሩት አምስት ጠጠሮች አንድ በአንድ እስከ ስምንተኛው ድረስ ተዘርተዋል። ፍየል መሆን አለባት።

ጠጠሮቹ እንዳይጠፉ በእኔ በኩል ያሉትን ትንሽ አስተካከልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ጤዛ። እስከ ረፋድ ጉም።

ከታች በኩል በሁለተኛው ተራ ቅጠል ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። መጀመሪያ በጥቅምት የረጨሁት የቀረ መስሎኝ በጣቴ ጠረግሁት። አይደለም። ሻጋታው ነው። ልጄ ታኅሣሥ ላይ ብሎኝ ነበር፤ በአምስት ቀን ተሳስቷል።

ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት ሥዕል ያለበት የወይን መጽሐፍ አለኝ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ሥዕሎቹን ግን ዐሥራ ስድስት ዓመት አጥንቻለሁ። በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አንድ ሰው ከባልዲ ነጭ ነገር በወይን ላይ ይረጫል። አመድ ነው ብዬ ወስኛለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ነፋስ፣ ከጭላሎ በኩል።

አመድ በተንኩ። ነፋሱ መልሶ ዓይኔ ውስጥ ጨመረው። ዓይኔን ሳሽ ቆይቼ ስመለከት ሻጋታው አራተኛው ተራ ደርሷል። ፍየሏ ዛሬም ተጫውታለች። መጥፎ ጨዋታ አይደለም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ጤዛ።

ዛሬ ወልደጻድቅ መጣ። በተራዎቹ መካከል ተመላለሰ። መቀሱን ቀና ብሎም አላየውም፤ አለማየቱ ከማየቱ የባሰ ነው። መድኃኒቱ አሁንም አለ፣ ማንም ሳያውቅ ላምጣልዎ አለኝ። እኔ አውቃለሁ አልኩት።

ከሄደ በኋላ በእልክ ግንዶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሰባ ዘጠኙ ታመዋል። ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ግንድ ግን ፍጹም ንጹሕ ነው፤ ቅጠሉ ያብለጨልጫል፣ ፍሬውም ከሌላው ተለቅ ይላል። አመዴ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። የማድ ቤት አመድ ከሌላው አመድ ይለያል። ለአልጣሽ ይህን በዝርዝር አስረዳኋት። አዳመጠችኝ። እንደዚያ ይሆናል አለች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ፀሐይ።

የማድ ቤት አመድ በሠላሳ ግንድ ላይ በተንኩ። ምንም።

ከሰዓት በኋላ በማድ ቤቱ በኩል ሳልፍ አልጣሽ በሩ ላይ ቆማ የአይብ ማውጫ ድስቷን አጓት በዚያው ግንድ ላይ አንድ ጊዜ ስትደፋ አየሁ። ከላይ እስከ ታች ቅጠሉ ራሰ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ሁልጊዜ እዚያ ነው የምደፋው፣ ከጾሙ ወዲህ ደግሞ ወተቱ ስለማይጠጣ አይቡም አጓቱም በዛ አለች። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«አመድ ነው ብለው ሲያስረዱኝ ነበር» አለች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ፀሐይ።

ከትናንት በስቲያ በታመሙ ሦስት ግንዶች ላይ አንድ እጅ አጓት በሦስት እጅ ውኃ በጥብጬ ረጭቼ ነበር። ዛሬ ነጩ ነገር ግራጫ ሆኖ ደርቋል። በአጉሊ መነጽር አየሁት። አዲስ ሻጋታ የለም። አምላክ ይመስገን ብዬ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሳለሁ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የገና ጾም ነው። ይህ ወይን ዘቢብ ሆኖ ቅዳሴ ይገባል። በጾም የወተት ተረፈ ነገር እያርከፈከፍኩበት ነው።

ወዲያው ቄሰ ገበዙ ጋ ሄድኩ። ነገሩን በሙሉ አስረዳሁ።

«ሣህሌ፣ ወይኑ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጾመው?» አሉኝ።

ቀልድ አልወድም አልኳቸው። እሳቸውም ደረቅ ፊት አድርገው፣ እበት ስታደርግለትስ በጾም ነው በፍስክ ብለው ጠየቁኝ። በጾም ነው አልኩ። እበቱን እየበላ የሚኖር ዛፍ አጓት ስለነካው ምን ይሆናል፣ ሲለቀም ታጥበዋለህ፣ በፀሐይ ታደርቀዋለህ፣ በለቀማው ጊዜ ማንም አጓት አያገኝበትም አሉ። የሚጾም ወይን ካለህ ግን ንስሐ አባቱ እኔ ልሁን ብለው ሳቁ። ደጀ ሰላሙ ላይ የነበሩት ዲያቆናትም ሳቁ።

ወሬው ነገ አሰላ ይደርሳል። ይድረስ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ጤዛ ብዙ።

ሒሳቡን ሠራሁ። ለሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ግንድ በየሦስት ቀኑ አራት እንስራ አጓት ያስፈልገኛል። የእኔ ሁለት ላሞች በሦስት ቀን አንድ ቅል ይሰጣሉ። በዚህ አካባቢ ይህን ያህል አጓት የሚወጣበት ቤት አንድ ብቻ ነው።

አልሄድም።

ሻጋታው ተራ ስድስት ደርሷል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ጤዛ። አልሄድም። ተራ ሰባት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ፀሐይ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ነበር፣ እውነተኛ ነፋስ።

ወደ ሀሰኖ ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ለሥራ ነው። ልወጣ ስል አልጣሽ የታጠበውን ጋቢዬን አጥር ላይ ሰቅላ አገኘኋት። የት እንደምሄድ ማን ነገረሽ አልኳት። ጋቢው ፀሐይ ያስፈልገው ነበር አለች።

ሀሰኖ በበረቱ ጥግ ተቀምጦ ከቀርከሃ የተሠራ አዲስ ቀፎ በእበት ይለስናል። እጁ እበት ስለሆነ ክንዱን ዘረጋልኝ፣ ክንዱን ጨበጥኩ። በጉማሬ ጠፍር የተሠራውን በርጩማውን ለእኔ ለቅቆ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስለ ጤዛው ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ስለ ጥጆቹ ጠየቅሁት፣ መለሰ። ከዲጃ በጾም ወተት እንደማልቀምስ ስለምታውቅ የተቆላ ገብስ አመጣችልኝ። ገብሱ ትኩስ ነበር። ሰው እንደሚመጣ የሚያውቅ ቤት ገብስ መሰለኝ።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። በየሦስት ቀኑ አራት እንስራ አጓት እንደምፈልግ፣ በለውጡ ለጥጆቹ የወይን ቅጠልና ለቤቱ ፍሬ እንደምሰጥ፣ ጉዳዩ የሁለት ጎረቤታሞች ሥራ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ሀሰኖ እጁን ሳያቋርጥ ሰማኝ። ስጨርስ ቀና አለ።

«ያ ሣህሌ፣ ያን ቀን ነፋሱ ከየት በኩል ነበር?»

በቁጣ አልነበረም የጠየቀኝ። መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። የዚህን ተዳፋት ነፋስ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የጠዋቱ ከጭላሎ ይወርዳል፣ የማታው ከዝዋይ ይወጣል። ከጭላሎ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የዚህ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ በዓይኔ ላይ መጣ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። በደብተሬ ላይ የተጻፈውን ነገር ደግሞ እኔ አልክድም።

«ያን ቀን ነፋስ አልነበረም» አልኩት። «ልጄ ነፋስ የሌለበት ቀን ይምረጡ ስላለኝ፣ መርጬ ነው የረጨሁት።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔም እዚሁ ነበርኩ።»

«ከመርጨትህ በፊት ንገረኝ፣ የቀፎዎቹን አፍ እዘጋለሁ ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«ብዬህ ነበር።»

«በገዛ ወይኔ ማንንም አላስፈቅድም ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሀሰኖ።»

ከገብሱ ትንሽ በላሁ። ሀሰኖ ቀፎውን አዙሮ ሌላውን ጎን መለሰን ጀመረ። የዘጠኙን ቀፎ ካሳ እከፍላለሁ አልኩት። በእኔ ቤት ንብ አይሸጥም፣ አይከፈልበትምም አለኝ። አባቱም አልሸጠም። ምን ላድርግ ታዲያ አልኩት። በቦዩ በኩል ወደ ወይኔ በአገጩ ጠቆመ።

«ይሄ ቀፎ ሲደርቅ ወይንህ መሀል ካለው ግራር ላይ እሰቅለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መርዝ ስትረጭ መጀመሪያ የምትነደፈው አንተ ነህ።»

ከጓዳ ከዲጃ ስትስቅ ሰማሁ፤ ሁሉንም ስታዳምጥ ቆይታለች። እኔ አልሳቅሁም። ከዲጃ በኋላ ለአልጣሽ ስቋል ብላ ነግራታለች። ትክክል አይደለም።

ስለ አጓቱስ አልኩት ለመሄድ ስነሣ።

«ከዲጃን ጠይቃት» አለኝ። «ለአልጣሽ ጥጃ ብላ ይህን ሁለት ወር አሬራና አጓት በእንስራ ስትልክ እኔን አላስፈቀደችኝም።»

እንግዲህ በማድ ቤቱ በር ላይ ያለውን ግንድ ያዳነው የማን ላም እንደሆነ ዛሬ ተረዳሁ። ቤት ስገባ አልጣሽ የት ነበሩ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ፀሐይ። አራት እንስራ መጣ። ስድስተኛና ሰባተኛ ተራ።

መርጫውን ስለመለስኩ በቅጠላም የወይራ ቅርንጫፍ እየነከርኩ ነው የማርከፈክፈው። ሀሰኖ ከቦዩ ማዶ ቆሞ፣ ወይንህን ክርስትና እያነሣኸው ነው ወይ አለኝ። ስም ማውጣት ብቻ ነው የቀረኝ አልኩት። ቀልድ አልወድም፤ ይህ ግን መልስ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

አርከፈከፍኩ። ትከሻዬ አመመኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

አርከፈከፍኩ። ዝንብ በዛ፤ ወይኑም እኔም ጎምዛዛ ሸተትን። አልጣሽ ጋቢዬን ከቤት ውጭ ታሳድረዋለች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

አርከፈከፍኩ። ሻጋታው ከተራ ሰባት አላለፈም። ሰባቱን ተራ ዛሬ በአጉሊ መነጽር አየሁ። ሦስት ጊዜ።

ፍየሏ ተጫውታለች። እኔም መለስኩላት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ፀሐይ። ገና።

ወልደጻድቅ ከሚስቱ ከየሺሃረግ ጋር ለበዓል መጣ። ከምሳ በኋላ ወይኑን ሳያስፈቅደኝ ዞረ፤ ሲመለስ በኪሱ ትንሽ ደብተር ነበረው። አባባ፣ ስንት እጅ አጓት በስንት እጅ ውኃ ነው አለኝ። ነገርኩት። በየስንት ቀን አለ። ነገርኩት። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሊያይ ይፈልጋል አለ። አለቃህ ቋንቋውን የሚያውቅ ከሆነ የጣሊያኑን መጽሐፍ ገጽ ሠላሳ አንድን አሳየው አልኩት፤ ያ ሰው የሚረጨው ነጭ ነገር ወተት እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ወልደጻድቅ መጽሐፉን ወስዶ አነበበው፤ ጥቂት ጣሊያንኛ ያውቃል። ኖራ ነው ይላል አባባ አለ።

መጽሐፉ ተሳስቷል።

እሑድ፣ ጥር 18

ፀሐይ። ፍሬው ቀለም መያዝ ጀምሯል።

ወደ ገበጣው ስሄድ ሀሰኖ ተቀምጦ ነበር። ጠጠሮቹን አይቶ፣ ማን ነው እንዲህ ጥሩ የተጫወተው አለኝ። ፍየል ናት አልኩት። የእኔም ፍየል ነበረች አለ። ጨዋታውን ጨረስን። በአሥር ጠጠር አሸነፈኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሲያስብበት ነበር፣ ስለዚህ አይቆጠርም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ፀሐይ። የሁዳዴ ቅበላ።

በፀሐይ በኩል ያለው ተራ ቀድሞ በሰለ። ከእሱ ሦስት ቅርጫት መርጬ ለሀሰኖ ቤት ላክሁ። ከዲጃ ለልጆቿ ልጆች ጭምር አካፈለች አሉ። የላክሁት ስለ ንቦቹ ነው። ለቀማ አይደለም፣ ለቀማ ተብሎም አይመዘገብም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ፀሐይ። ለቀማው አለቀ።

ወልደጻድቅ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቆ አራቱንም ቀን ከእኛ ጋር ለቀመ። ቅርጫቶቹን ከቤቱ ጥላ ሥር ደረደርናቸው። እሱ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። እኔ አንድ ጊዜ፤ ይበቃኛል። ሃምሳ ሰባት።

ለቄሰ ገበዙ የሚያስፈልገው ዘቢብ ከዚህ ተትረፍርፎ ይወጣል። ያሳሰበኝ እሱ አልነበረም። ቃሌ ስድሳ ነበር።

ልጄ፣ ለአቶ ሀሰኖ የሄደው ሦስት ቅርጫት ሲጨመር ስድሳ ይሞላል አለ። አልጣሽም ይሞላል አለች። ሀሰኖ ራሱ ከቦዩ ማዶ፣ ሦስቱን በልተናል፣ ጣፋጭ ነበሩ ብሎ ጮኸ። የካቲት 9 ቀን የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩላቸው። ለቀማ ተብሎም አይመዘገብም ይላል። ደብተሩን እንደሚመቸኝ የማነብበው ከሆነ ለምን ጻፍኩት?

መቀሱን ከሚስማሩ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ለልጄ አስቀመጥኩ። አልነካውም። አጥሩ የተነቀለበት ቦታ እንዳለ ለማየት ወጣሁ። አጥሩ ምንም አልሆነም፤ ብቻ እስኪመሽ አየሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ደመና። ሌሊት ጥቂት ዝናብ።

ወልደጻድቅ ጠዋት መጣ። መቀሱን ሳይናገር ይዞት ሄዶ ነበር። አስስሎታል፣ ዘይት ቀብቶታል፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስል ሆኖ አላየሁትም። በአውራ ጣቴ ሞከርኩት። ደህና ነው አልኩ። ከዚያ ልጄ ወደ ግድግዳው ሄዶ መቀሱን መልሶ ከእኔ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

ምን ማድረግህ ነው አልኩት።

«መቀሴ ነው» አለኝ። «አሰላ የምኖርበት ቤት የኪራይ ስለሆነ ባለቤቱ ሚስማር መምታት አይፈቅዱም። እዚህ ይቆይልኝ። በመግረዝ ጊዜ መጥቼ እቆርጣለሁ፤ የት እንደሚቆረጥ ግን እርስዎ ያሳዩኛል።»

ዝገት ካገኘሁበት ኃላፊ አይደለሁም አልኩት። እሺ አለ። ወይኑ አሁን ያንተ ነው፣ ስለ ዱቄቱ ምን ታስባለህ አልኩት። ይህን የጠየቅሁት በቁም ነገር ነው፤ መልሱን እየፈራሁ ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየኝ። ሀሰኖ ንብ ካለባቸው ሁለት ቀፎዎች አንዱን፣ ንቦቹ ሲገቡለት ማታ ላይ ተሸክሞ አምጥቶ፣ እንደ ቃሉ ከወይኑ መሀል ባለው ግራር ላይ ሰቅሎት አድሯል። እኔ አዲሱን ባዶ ቀፎ ያመጣል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ንብ የሚኖርበትን አመጣ።

«እዚያ ሥር ቆሜ መርዝ የምረጭ ይመስልዎታል?» አለ ልጄ። «እኔ መነደፍ አልወድም።»

አልጣሽ ከድስቷ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ዛሬ ለድስቱ የምትለው ደስ የሚል ነገር ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ፀሐይ። ዘቢቡ በአልጋ ላይ ተሰጥቷል።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ንቦቹ ወጡ። ከግራሩ ሥር ተቀምጬ ሳያቸው አንዱ እጄ ላይ አርፎ ጥቂት ዞረና ሄደ። አልነደፈኝም። ሀሰኖ ከቦዩ ማዶ ገበጣውን እየጠራረገ፣ ዛሬ እሑድ አይደለም፣ ግን ምን ትላለች ፍየልህ አለኝ። ትመጣለች አልኩት።

ነፋስ የለም።